የከብት ዋጋ ሲዋዥቅ ማን ይሸከመው? ለአንድ አድላቢ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የሥጋ ከብት አደልባለሁ። በአንድ ዙር 40 ወይፈን አስገባለሁ። በ300 ኪሎ ገዝቼ 500 ኪሎ ሲሞሉ እሸጣለሁ። ካለፉት ሦስት ዙሮች አንዱ ጥሩ አድርጎ አተረፈኝ፣ ሁለቱ ግን በሉኝ። የመኖ ዋጋ ይጨምራል፣ የእኔ ዋጋ ይወርዳል፣ ሥጋ ገዢው ደግሞ አሁንም ተወደደብኝ ይላል። የእኔ ዋጋ ሲወርድ የሥጋ ዋጋ ለምን አይወርድም? መንግሥት ለምን አንድ ዋጋ ቆርጦ አያሳርፈንም? ለመሆኑ በዚህ ዙር 40ውንም ላስገባ ወይስ በሩን ልዝጋ?»

ከሦስቱ ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ ያለው ቀላሉ ነው። ግን እሱ ጋ ለመድረስ በሁለቱ ማለፍ ግድ ይላል። ስለዚህ ትንሽ ይታገሡኝ።

ሒሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በኪሎ እንሥራው። የገንዘብ ዋጋ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፣ ኪሎ ግን ያው ኪሎ ነው። 300 ኪሎ ገዙ። 200 ኪሎ ጨመሩበት። መኖው፣ ሠራተኛው፣ መድኃኒቱ፣ የብድር ወለዱ፣ መሀል ላይ የሞተው ከብት ድርሻ ሁሉ ተደምሮ የ160 ኪሎ ዋጋ ያህል ወጣ እንበል። (160 የእኔ ግምት ነው። ደብተርዎን ከፍተው በራስዎ ቁጥር ይተኩት።) የመግዣና የመሸጫ ዋጋ በኪሎ እኩል ከሆነ ጠቅላላ ወጪዎ 460 ኪሎ ነው። የሚሸጡት 500። በእጅዎ የሚቀረው 40 ኪሎ ብቻ ነው። የስድስት ወር ድካም ማለት ያቺ 40 ኪሎ ናት።

አሁን የመሸጫው ዋጋ በ10 በመቶ ይውረድ። የወረደው እርስዎ በጨመሩት 200 ኪሎ ላይ ብቻ አይደለም። በ500ው ላይ ነው። 50 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። የነበረዎት 40፣ የሄደው 50። 10 ኪሎ ከኪስዎ ጨመሩ። ዋጋው በ10 በመቶ ቢወጣ ደግሞ 40ው 90 ይሆናል፤ ከእጥፍ በላይ። አንዱ ዙር ደስ አሰኝቶ ሁለቱ የበሉዎት ለዚህ ነው። በአንዱ ጎበዝ፣ በሁለቱ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ያው ሰው፣ ያው በረት፣ ያው መኖ ነው።

ይህን በደንብ ያስተውሉልኝ። እርስዎ የሚሠሩት ሁለት ሥራ ነው። አንዱ መኖን ወደ ሥጋ መለወጥ ነው። ይህን ያውቁበታል። ሁለተኛው በ500 ኪሎ የስድስት ወር የዋጋ ቁማር መጫወት ነው። እሱን ማንም አልጠየቀዎትም፣ እርስዎም ፈልገው አልገቡበትም። ከ8 በመቶ በላይ የሆነ መውረድ ሁሉ የመጀመሪያውን ሥራ ትርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል።

መኖውስ? በእህል የሚደልብ ከብት አንድ ኪሎ ለመጨመር እንደ ዝርያውና እንደ አያያዙ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ የእህል ዋጋ ሲያስነጥስ አድላቢው ይታመማል። በ2012 አሜሪካን ድርቅ ሲመታት የበቆሎ ዋጋ በቡሼል፣ ማለትም በ25 ኪሎ ገደማ፣ ከ8 ዶላር አለፈ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አድላቢዎቹ ምን አደረጉ? ለጥጃ የሚከፍሉትን ቀነሱ። ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ሸክሙ ወደ ታች ወረደና ላም ይዞ ጥጃ የሚያስወልደው አርቢ ላይ አረፈ። እሱ ደግሞ የሚያወርድበት የለም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም የየራሱን ጭንቀት ቀጥሎ ላለው ያቀብላል፤ የመጨረሻው ተቀባይ ላሟና ባለቤቷ ናቸው። እርስዎ ሲጨንቅዎ እሱን ያስቡት።

ከዚህ የከፋው የጊዜው ነገር ነው። ዶሮ በሳምንታት ይደርሳል። ላም 9 ወር ትሸከማለች። ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው ብዙውን ጊዜ በ2 ዓመቷ ነው። ጥጃው ለዕርድ እስኪደርስ ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይሄዳል። ዛሬ ዋጋው ጥሩ ነው ብሎ መንጋውን ለማስፋት የወሰነ አርቢ የውሳኔውን ሥጋ የሚያየው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው።

አስቂኙ ነገር መጀመሪያ ላይ የሚሆነው ነው። ዋጋ ሲጨምር አርቢው ጊደሯን ለመራቢያ ያስቀራታል፣ አይሸጣትም። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ከብት ይቀንሳል። ዋጋው ይበልጥ ይወጣል። ሌላውም ያያል፣ እሱም ያስቀራል። ከዓመታት በኋላ ሁሉም ያስቀረው አንድ ላይ ይወልዳል፣ አንድ ላይ ይደልባል፣ አንድ ላይ ገበያ ይወጣል። ከዚያ መውደቅ ነው። በ2014 መጀመሪያ የአሜሪካ የከብት ብዛት ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደለበ ከብት ዋጋ በ100 ፓውንድ ክብደት፣ ማለትም በ45 ኪሎ ገደማ፣ ወደ 170 ዶላር ወጣ። አርቢዎች ጊደሮቻቸውን አስቀሩ። በ2016 ጥቅምት ላይ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነበር። ጫፉ ላይ ውድ ጥጃ ገዝቶ ወደ በረት ያስገባውን ሰው ያስቡት። ከፍ ያለውን ዋጋ በወረቀት አይቶታል፣ በእጁ ግን አልነካውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። ሣር ስለሌለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል። ገበያው በከብት ይጥለቀለቃል፣ ዋጋ ይወድቃል፣ ላሞቹም ይታረዳሉ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ከብት ጠፋ ተብሎ ይወራል።

ወደ ሥጋ ገዢው ቅሬታ ልምጣ። «የእኔ ዋጋ ሲወርድ የሥጋ ዋጋ ለምን አይወርድም?» ብለዋል። ከፊሉ የክብደት ጉዳይ ነው። 500 ኪሎ የቁም ከብት ታርዶ ቆዳው፣ ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ 280 ኪሎ ገደማ ይቀራል። አጥንቱና ትርፍ ስቡ ሲነሳ ለሽያጭ የሚቀርበው ሥጋ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ሁለት ኪሎ ተኩል የቁም ከብት ነው ማለት ነው። ስለዚህ መሀል ያለው ሰው አንድ ሳንቲም ባያተርፍም የሁለቱ ዋጋ በኪሎ አይገናኝም። ቆዳውና ሆድ ዕቃው የተወሰነውን ያካክሳሉ። በዚያ ላይ ሠራተኛ፣ ማቀዝቀዣ፣ መብራትና ነዳጅ አለ። የከብት ዋጋ ስለወረደ የመብራት ሒሳብ አይወርድም።

ከፊሉ ግን የማነቆ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። በነሐሴ 2019 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሆልኮም የምትባል ከተማ ያለ አንድ ትልቅ የከብት ዕርድ ፋብሪካ ተቃጠለ። የአገሪቱን የደለበ ከብት 6 በመቶ ያህል የሚያርድ ነበር። በዚያው ሰሞን የከብት ዋጋ ወረደ፣ የጅምላ ሥጋ ዋጋ ግን ወጣ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ! ከብቱ አልቀነሰም፣ በላተኛውም አልቀነሰም። የጠበበው መሀል ያለው በር ነው። ከበሩ ወዲህ ከብት ተከመረ፣ ከበሩ ወዲያ ሥጋ አጠረ፣ ልዩነቱን በሩን የያዘው ወሰደው። በ2020 ጸደይ ኮቪድ ፋብሪካዎቹን ሲያዘጋ ያው ነገር በሰፊው ተደገመ። በዚያች አገር ከደለበው ከብት 85 በመቶ ያህሉን የሚያርዱት አራት ኩባንያዎች ናቸው።

ኩባንያዎቹ ተስማምተው ነው ወይስ ገበያው ነው? ሰው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። የእኔ አመለካከት እንዲህ ነው። ገዢ ሲያንስ መተባበር ይቀላል፤ አሜሪካኖች በ1921 በሥጋ አራጆች ላይ ራሱን የቻለ ሕግ ያወጡት በዋዛ አይደለም። ግን ማንም ከማንም ጋር ባይመክርም እንኳ እርስዎ ደካማ ተደራዳሪ ነዎት። ምክንያቱም የደለበ ከብት አይጠብቅም። በየቀኑ ይበላል። ከክብደቱ ካለፈ በኋላ የሚጨምረው ስብ ነው፣ ስቡ ደግሞ ከቀዩ ሥጋ ይበልጥ መኖ ይፈጃል። ገዢው አንድ ሳምንት መታገሥ ይችላል፣ እርስዎ አይችሉም። ሁለታችሁም ይህን ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ታዲያ መንግሥት ለምን አይቆርጠውም?

ተሞክሯል። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። አውሮፓውያን ለሥጋ ከብት የዋጋ ወለል አስቀምጠው ነበር። ዋጋው ከዚያ ሲወርድ መንግሥታዊው አካል ራሱ ይገዛና በማቀዝቀዣ ያከማቻል። አርቢው ጥሩ ዋጋ ስላገኘ አመረተ፣ ሸማቹ ግን በዚያ ዋጋ ያን ያህል አልበላም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማቀዝቀዣ የተቆለለው ሥጋ አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ። ጋዜጦች «የሥጋ ተራራ» አሉት። በ1992 ወለሉን በ15 በመቶ ቀንሰው ድጋፉን በከብት ቁጥር ወደሚከፈል ገንዘብ አዞሩት።

የአውስትራሊያ በግ አርቢዎች ታሪክ የበለጠ ያስተምራል፤ ሱፍ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ሱፉን በተወሰነ ዋጋ ገዝቶ የሚያከማች ሥርዓት ነበራቸው። ለዓመታት በደንብ ሠራ። ከዚያ ወለሉን በኪሎ 870 ሳንቲም ድረስ ሰቀሉት። ወዲያው ትልልቆቹ ገዢዎች ሶቪየት ኅብረትና ቻይና መግዛት ቀነሱ። በየካቲት 1991 ሥርዓቱ ሲቆም 4.7 ሚሊዮን ቦንዳ የሚሆን ሱፍ መጋዘን ውስጥ ነበር። ያን ሸጦ ለመጨረስ አሥር ዓመት ፈጀ። በነዚያ አሥር ዓመታት የመጋዘኑ ክምችት በእያንዳንዱ በግ አርቢ ዋጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስህተቱ ወለል መኖሩ አልነበረም። ወለሉ ጣሪያ እስኪሆን መሰቀሉ ነው።

ከወዲያኛው በኩል ደግሞ አርጀንቲና አለች። በመጋቢት 2006 ሥጋ ለሕዝቡ ይርከስ ተብሎ ወደ ውጭ መላክ ታገደ፣ በኋላም በኮታ ታሰረ። ለጊዜው ረከሰ። አርቢው ግን ሞኝ አይደለም። ላሞቹን ሸጦ መሬቱን አኩሪ አተር ዘራበት። ድርቅም ተጨመረ። ከ2007 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት የአገሪቱ መንጋ በ10 ሚሊዮን ያህል ቀነሰ። በ2010 የሥጋ ዋጋ ተተኮሰ። ሸማቹን ለመጠበቅ የወጣው ትእዛዝ ከአራት ዓመት በኋላ ሸማቹን ራሱን መታው። ሁለት ዓመት ፈጅታ የምትደርስን ጊደር በአንድ ቀን ደብዳቤ መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ «ቋሚ ዋጋ» የሚለውን ቃል ብንተወው ይሻላል። ቋሚ ዋጋ ለእርስዎም አይበጅም። መኖ በእጥፍ ሲወደድ ከብትዎ በድሮው ዋጋ ቢታሰር ምን ይውጥዎታል? የሚያስፈልግዎ ሲገዙ ሊገምቱት የሚችሉት ዋጋ ነው። ጥያቄው «ስንት ይሁን» ሳይሆን «ሲዋዥቅ ማን ይሸከመው» ነው። አሁን ብቻዎን ነው የሚሸከሙት። መከፋፈል አለበት።

መከፋፈያ መንገዶች አሉ። ደስ የሚለኝ የጃፓኖቹ ነው። የከብት አድላቢው ገቢ ከማምረቻ ወጪው በታች ሲወርድ የልዩነቱ 90 በመቶ ይተካለታል። ገንዘቡ የሚወጣው ከጋራ ቋት ሲሆን ከቋቱ ሩቡን የሚያዋጡት አድላቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ዋጋውን አልነኩትም፤ ገበያው የፈለገውን ይላል። የሚጠብቁት በወጪና በገቢ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። መቶ በመቶም አይተኩም። 10 በመቶውን ለአድላቢው መተዋቸው ደብተር የሚይዝና መኖ የማያባክን አድላቢ እንዲሆን ነው። በእርግጥ ይህ በጀት ያለው አገር መፍትሔ ነው።

ፈረንሳዮች ሌላ መንገድ ሄዱ። በ2021 ባወጡት ሕግ በአርቢና በመጀመሪያው ገዢ መካከል ቢያንስ የሦስት ዓመት የጽሑፍ ውል እንዲኖር አዘዙ። ዋጋው የሚስተካከልበት ቀመርም የማምረቻ ወጪን እንዲቆጥር አደረጉ። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ ወርዷል አልልም፤ በአፍ ቃል መሸጥ የለመደ አርቢም ነጋዴም ሞልቷል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ስምምነቱ በዋጋ ላይ ሳይሆን በቀመር ላይ ነው።

ኡራጓዮች ደግሞ ሚዛኑን ያዙት። በየዕርድ ፋብሪካው ከከብቱ መግቢያ እስከ ሥጋው መውጫ ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖችን ተከሉ፤ ሰው «ጥቁር ሳጥን» ይላቸዋል። ክብደቱ በቀጥታ ወደ አገሪቱ የሥጋ ተቋም ይሄዳል። አሜሪካኖችም በ1999 ባወጡት ሕግ ትልልቅ አራጆች የገዙበትን ዋጋ እንዲያስታውቁ አስገድደዋል። እነዚህ ዋጋ አያረጋጉም። ግን በጨለማ ከመደራደር ያድናሉ፤ ወጪያቸውም ከሥጋ ተራራ ጋር አይወዳደርም።

የወደፊት ግብይት የሚባለውም አለ። ከ1964 ጀምሮ ቺካጎ ላይ የደለበ ከብት ዋጋን ለወራት አስቀድሞ መቁረጥ ይቻላል። አንዱ ውል 40,000 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ቶን ገደማ ነው። የእርስዎ 40 ከብት በጠቅላላ 20 ቶን ስለሆነ ከአንድ ውል ብዙም አይበልጥም። ለአነስተኛ አድላቢ ምቹ አይደለም። ዋጋው ሲወጣ በየቀኑ ማስያዣ ክፈል ይባላሉ፣ ከብትዎ ደግሞ ገና አልተሸጠም። ይህን በማኅበር ቢያደርጉት እንጂ ብቻዎን አይግቡበት።

እንግዲህ ስለ እርስዎ በረት።

መጀመሪያ መግዣው። ከ460 ኪሎ ወጪዎ 300ው ወይፈኑ ነው። መኖ ላይ ሁሉም ይጨነቃል፣ መግዣው ላይ ግን በችኮላ ያልፈዋል። አብዛኛው ሰው ዛሬ ባለው የደለበ ከብት ዋጋ ተማምኖ ይገዛል። እርስዎ ዋጋው 10 በመቶ እንደወረደ ቆጥረው ይግዙ። 450 ይሸጣሉ፣ 160 ያወጣሉ፣ ለወይፈኑ መክፈል የሚችሉት 290 ነው። ከ300ው ጋር ሲነጻጸር 3 በመቶ ያህል ብቻ መቀነስ ነው። በዚያ ዋጋ ካላገኙ በረቱ ለጊዜው ባዶ ይሁን። ባዶ በረት ያሳፍራል፣ ጎረቤት ያያል፤ አውቃለሁ። በኪሳራ ከተሞላ በረት ግን ይሻላል።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ተጭኖ የሚጓዝ ከብት እንደ መንገዱ ርዝመትና እንደ ሙቀቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ክብደት ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚወጣው ፋንድያና ሽንት ነው፣ ሲቆይ ግን ከሥጋውም ይሄዳል። ሥራ ስጀምር ለአንድ ማኅበር የሽያጭ ቀመር ሠርቼ ይህን ጨርሶ ረስቼው ነበር። ከብቱ በበረት ተመዘነ፣ ክፍያው ግን በፋብሪካ ሚዛን ሆነ። ትርፍ ያልነው መኪና ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ያመኛል። የእርስዎ ትርፍ 8 በመቶ መሆኑን አይርሱ። ክብደቱ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ውኃ ከመጠጣቱ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚለካ ከዋጋው ቀድመው ይነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ ገዢዎን ለአንድ ቀን ዋጋ ሳይሆን ለቀመር ይጠይቁት። ሲያስገቡ ከከብቱ ግማሹን በሚከተለው ስምምነት ያስሩ፦ መነሻ ዋጋ ይኑር፤ የመኖ ዋጋ በተወሰነ መጠን ሲወጣ እሱም ይውጣ፤ ገበያው ከመነሻው በጣም ከራቀ ልዩነቱን እኩል ይካፈሉ። ገዢው ለምን ይስማማል? እሱም በቋሚነት ከብት ካላገኘ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይውላል። 40 ከብት ትንሽ ነው ካለዎት ከሌሎች አድላቢዎች ጋር ሆነው 200 ይዘው ይሂዱ። ያን ጊዜ ወንበር ይስባል። ዋጋው ሲወጣ «ለሌላ ልሽጠው» የሚል ፈተና ይመጣል። አንዴ ካፈረሱት ሁለተኛ ውል የለም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ መጣን። 40ውን በአንድ ቀን አያስገቡ። መኖው አሁን በመጋዘንዎ ካለ ወይም ዋጋው ከተቆረጠ 20 ያስገቡ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ 10፣ ከዚያ ሌላ 10። በአንድ ቀን ዋጋ ሳይሆን በሦስት አራት ገበያ አማካይ ይሸጣሉ። ዋጋው ዓመቱን ሙሉ እየወረደ ከሄደ ይህ አያድንዎትም፣ በአንድ ክፉ ሳምንት ከመበላት ግን ያድንዎታል። መኖው ገና የሚገዛ ከሆነና ወይፈኑም በብድር የሚገባ ከሆነ ግን ከ20 አይለፉ፤ በሁለቱም በኩል ክፍት ነዎት።

የሦስቱ ዙሮች የመግቢያና የመውጫ ክብደት፣ የበሉትም መኖ በደብተር ካለዎት ይላኩልኝ። በግምት 160 ያልኩትን በእርስዎ ቁጥር ተክተን ሒሳቡን እንደገና እንሠራዋለን።